ክላክስ የማያውቀው መኪና

እህቴ ምሁር ናት። ይህን የምለው እንዲባልላት ስለምትወድ ነው እንጂ እኔማ ለሷ ሌላም ብዙ ስም አለኝ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ፌሎሺፕ የሚባል፣ እያጠኑ የሚከፈልበት ነገር ሰጣት። ሥራዋ ሾፌር አልባ መኪኖች ከተማውን ሲዞሩ የሚልኩትን መረጃ መመርመር ነው፤ የት ሮጡ፣ የት ቆሙ፣ ለምን ቆሙ። አባዬ «ለምን ቆምክ ብሎ የሚጠይቅ ትራፊክ ፖሊስ አለልን፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» ይላታል።

እሱ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች፣ በሱ በኩል ትርፍ ፍሬን ያላት አሮጌ መኪና አለችው። ሾፌር አልባዎቹ ከመጡ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስማቸው በበጎ ተነስቶ አያውቅም። «ሰው መንዳት ከተወ ማንን ላስተምር? ግድግዳውን?» ይላል። አንዱ በበራችን ካለፈ እንደተጣላ ጎረቤት ፊቱን ያዞራል።

እኔ ደግሞ የአባዬ ተማሪ ነኝ። ከደብተር ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ከመሪው ጋርም እንዋደዳለን፤ ጠላቴ በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው።

እሁድ ምሳ ላይ እህቴ ኮምፒውተሯን ከሳህኑ አጠገብ ዘርግታ አልበላም አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እማዬ።

«ሐሙስ ጥናቴን የሚመሩልኝ ፕሮፌሰሯ ዘንድ እቀርባለሁ፤ አንድ ቦታ አብዶብኛል።» ስክሪኑን አዞረችልን። የከተማው ካርታ ላይ አንድ ወፍራም ቀይ ነጥብ ተጎልቷል። «እዚህ ዳገት አናት ላይ፣ መስቀለኛው ጋ፣ ጠዋት ጠዋት መኪኖቹ ዝም ብለው ይገተራሉ። የትራፊክ መብራት የለ፣ የእግረኛ ማቋረጫ የለ። ቅድሚያውም የነሱ ነው!»

«ካሜራ የላቸውም እንዴ?» አልኩ።

«አላቸው፤ ምስሉን ግን የሰው ፊት ስላለበት አይሰጡንም። እኛ የምናየው ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን ብቻ ነው። ፕሮፌሰሯ ‹ብልሽት ከሆነ የዚያን አካባቢ መረጃ በሙሉ እንጥላለን› አሉኝ። እሱ ከተጣለ የጥናቴ ግማሽ ሄደ። በግማሽ ጥናት ደግሞ ፌሎሺፑን ማን ያድስልኛል?» ድምጿ ቀጠነ።

ነጥቡን ጠጋ ብዬ አየሁት። እዚያ ያሉት አረንጓዴዋ ኪዮስክና የጎበጠው የመብራት ምሰሶ ትዝ አሉኝ... የጠጣሁት ውሃ በአፍንጫዬ ወጣ። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማ ቅልጥሜን አገኘው። አባዬ ቀና ሳይል ዳቦውን እንደ ሐኪም ቀስ አድርጎ ይቆርሳል።

«ምን ያስቅሻል?» አለች እህቴ።

«ትን ብሎኝ ነው።»

«ማሽን ምን አእምሮ አለውና» አለ አባዬ። «ጣይው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማጅ ሆኖ ዳገት ላይ ሞተር ያጠፋ ሰው የሚወርድበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ እማዬ ታነበዋለች። ክላክሱማ አይነሳ። አንድ ቀን እዚያ ዳገት ላይ ወደፊት ስዘል፣ ወደኋላ ስንሸራተት፣ በመስቀለኛው አንድ ሾፌር አልባ መጣ። ልግባ ወይስ ልቁም እያልኩ እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም፤ ቆመ። ጠበቀ። ክላክስ የለ፣ ስድብ የለ፣ በመስኮት የሚወጣ ጭንቅላት የለ። ረጋ ብዬ ሞተሩን እንደገና አስነሳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ለማጆቹን ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ ያመጣል። «ያውልሽ፣ መጣ! አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። አትቸኩዪ፣ እሱ እንደሆነ ጊዜ አለው» ይላል። እኔን ደግሞ አስምሎኛል፤ «ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ የመኪናዋን መስታወት ሲወለውል አገኘሁት።

«አባዬ፣ ልጅህ ልታለቅስ ነው።»

«አላለቀሰችም።»

«አፍንጫዋ ቀልቷል።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስሰድባቸው ከርሜ አሁን ምን ልበላት? አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ ምያለሁ። ደሞስ እኔ ብናገር በዚህ ቤት ማን ያምነኛል?»

ይህን አልካደም። የጠራውን መስታወት እንደገና ወለወለና ወደ ቤቱ ጮኸ። «አንቺ ምሁር! እስቲ ብቅ በዪ!»

ጎማውን እያየ ነገራት። እህቴ አፏን ከፍታ ሰማች፣ ከዚያ ግድግዳ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ስትጨርስ ግን እንባዋን ጠርጋ «ለፕሮፌሰሯ አባቴ እንዲህ አለ ብዬ አልቀርብም። በዓይናቸው ማየት አለባቸው» አለች።

«እናሳያቸዋለን» አለ አባዬ። ወደኔ ዞረ። «ሌሎቹ ለማጆች ዳገቱን ለምደውብኛል። እንዳንቺ ሞተር የሚያጠፋልኝ የለም።»

በዕድሜዬ ለሥራ የተፈለግሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ፕሮፌሰሯ ትልቅ ቦርሳ አንግተው ከእህቴ ጋር ኪዮስኳ ጥላ ሥር ቆሙ። ሾፌር አልባው በመስቀለኛው ብቅ አለ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ መኪናዋም ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ዳገቱን ወጣች። መስቀለኛው ጋ ሥርዓቴን ጠብቄ ቆምኩ፣ እሱም ሽው ብሎ አለፈ።

እህቴ እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ዛሬ ነው የምትችዪው?» ብሎ አንባረቀብኝ አባዬ። «ቀን አጥተሽ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ራሷ ወጣች!»

ዞረን ተመለስን። «አውቄ ላጥፋው?» ስለው ተቆጣ። «አይሆንም! የእህትሽ ሥራ ውሸት አይገባበትም። እንደ ልማድሽ ንጂ፤ ልማድሽ ይበቃናል።»

እንደገና ተነሳሁ። ጥሩ እየሄድኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ደረሰና ክላክሱን ለቀቀው። ክው አልኩ። ሞተሩ ጠፋ። አስነስቼ ወደፊት ዘለልኩ፣ ጠፋ፣ ወደኋላ ተንሸራተትኩ። የሚኒባሱ ሾፌር ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ዘር ማንዘሬን ይጠራል። በመስቀለኛው የመጣው ሌላ ሾፌር አልባ ግን ከፊታችን ቆሟል፤ ዝም። ቀና ስል ፕሮፌሰሯ በቦርሳቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እህቴ በደስታ ትዘላለች። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ስሰቃይ እንደዚያ የተደሰተች እህት አይቼ አላውቅም።

«ብልሽት አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሯ በመጨረሻ ወደ መስኮታችን ጎንበስ ብለው። «ትዕግሥት ነው። የሚጣል መረጃ የለም።» ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «ለማጆቹን መቼ መቼ እንደሚያመጧቸው ለልጅዎ ይንገሯት፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥናቷ እሱ ይሁን።»

ሐሙስ ፌሎሺፑ ታደሰላት። አባዬ አሁንም ሾፌር አልባ በበራችን ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ የሚጠብቀው ስም አለበት። ዳገቱ ላይ ግን መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ለባዶው የሾፌር ወንበር እጁን ያነሳል፤ «እግዜር ይስጥልን፣ ወንድሜ።»

እህቴ ጥናቷ ላይ «አንዲት ለማጅ» ብላ ጻፈችኝ። ስሜ የታል ስላት፣ በጥናት የሰው ስም አይጠራም አለችኝ። አባዬ መሪውን ይዞ ይስቃል፤ «ተዪው፣ ልጄ። ዳገቱ ያውቅሻል።»