ከአራተኛው ዘፈን የወጣች ድምፅ

1. ቅጽ

የአልበሙ ስም፦ ክረምት በደሴ
አሳታሚ፦ ራሴ
የዘፈን ብዛት፦ ስድስት
ተሳታፊ ድምፃዊ፦ የለም

2.

ይህን ቅጽ ሞልቶ አልበሙን ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ክራር መቺው ንጋቱ ነው። «የለም» ያለው ግን ውሸቱን ነው። ትንሽ ታገሡኝ፣ እነግራችኋለሁ።

3. ስቱዲዮ ለሌለው ሰው

ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርግ። ውስጡን ብርድ ልብስ አልብሰው። ክራርህን ይዘህ ግባ። ሚስትህን ዝም በይ በላት።

4.

ሚስቱ ትብለጥ ዝም ያላለችው እምቢ ብላ አይደለም። ሰሃን ስታጥብ ካላንጎራጎረች እጇ አይሠራም። አራተኛው ዘፈን ሲቀዳ ከወጥ ቤት ሆና እስከ መጨረሻው አብራው አዜመች። ለጥየቃ መጥተው የነበሩት እናቷ ወይዘሮ አለሚቱ ቅጂውን ሰሙና «ይቺን ልጄን እንዳትነካብኝ» ብለውት ሄዱ።

5.

ነካት።

የወጥ ቤት ቅጂ ነው እንዳይባል ፈርቶ፣ በኮምፒውተሩ ጩኸት ማጥፊያ ከሰሃኑ ኳኳታ ጋር አጠፋት። ላፕቶፑ ሞልቶበት ስለነበር ዋናውንም ቅጂ ደመሰሰው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? አልበሙ ሲወጣ ትብለጥ አራተኛውን ዘፈን ሰምታ «ጸድቷል» አለች።

6.

ሞተች።

ትኩሳት ነው ተብላ ሐኪም ቤት በገባች በአምስተኛው ቀን። አልበሙ ገና ወር አልሞላውም ነበር።

7. አርባዋ

ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲቀንስ፣ ወይዘሮ አለሚቱ ንጋቱን አጠገባቸው አስቀመጡትና ያንን ዘፈን እንዲያሰማቸው ለመኑት። ላፕቶፑ ተበላሽቷል ማለት ይችል ነበር። ከፈተው። ክራሩ ብቻ ተሰማ። እሳቸው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«የት አለች?»

«አጠፋኋት፣ እማዬ። ጩኸት ነው ብዬ።»

አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«እስቲ ድገመው» አሉት።

ሲደግመው ዓይናቸውን ጨፈኑና ልጃቸው ትገባበት በነበረው ቦታ ላይ እሳቸው ገቡ፤ ዝቅ ባለ፣ በሚቆራረጥ ድምፅ። ጓሮ የእድሩ ሴቶች ሰሃን ያጥባሉ። ንጋቱ ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ። አንድ ጎረቤት ሴቶቹን ዝም ሊያሰኝ ሲነሣ፣ እጁን ይዞ አስቀረው።

8. ቅጽ፣ መጨረሻው መስመር ገና ያልተሞላ

የአልበሙ ስም፦ ክረምት በደሴ፣ እንደገና
አሳታሚ፦ ራሴ
የዘፈን ብዛት፦ ስድስት
ተሳታፊ ድምፃዊ፦