ንግሥት አይሆንም

«እንዳይነኩት! በሞቴ እንዳይነኩት!»

ጥርስ ሐኪሙ እንዲህ ብለው ሲጮኹ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። በለቅሶ ቤት «በሞቴ» እንደማይባል የታወሳቸው ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው። የሟች ታላቅ እህት በአንድ እጃቸው የሻይ ትሪ፣ በሌላው የቼዝ ሰሌዳውን ጫፍ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ሰው ብርጭቆ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ይኼ መጫወቻ ጠረጴዛውን ሙሉ ይዞ ሊኖር ነው?»

«ጨዋታው አላለቀም እኮ፣ እመቤቴ።»

«አንደኛው ተጫዋች ተቀብሯል! ከዚህ በላይ እንዴት ይለቅ?»

ጥግ የተቀመጠችው የሟች ልጅ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሳቋም እንደ ክላክሰኗ ነው፣ ትንሽ የሚባል አያውቅም።

«ይተዉት አክስቴ፤ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ እደረድረዋለሁ» አለች።

አባቷ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ከጥርስ ሐኪሙ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ቼዝ የሚጫወቱት በስልክ ነው፤ እሱ ሊፍት ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ሐኪሙ የሰው አፍ አስከፍተው። አንድ ጊዜ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈባቸው ሰዎች ከበላያቸው «አሁን ማምለጫ የለህም፣ አለቀልህ!» የሚል ድምፅ ሰምተው ጸሎት ጀምረዋል ይባላል። በዚያኛው የስልክ ጫፍ ደግሞ ሐኪሙ «እሺ፣ ትልቁን ውሰደው!» ብለው ሲመልሱ ሕመምተኛው ከነመሐረቡ ወንበሩን ጥሎ ሮጧል። ይህን የመጨረሻውን ጨዋታ ግን እዚሁ ቤት፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር የጀመሩት።

ለቀስተኛው ይህን እየተቀባበለ ሲስቅ እሷም አብራ ሳቀች። አንድ ነገር ግን ይቆረቁራት ነበር።

አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ንግሥቴ» እያለ ነው የሚጠራት። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ ገና ዳዴ ስትል ከሰሌዳው ላይ ንግሥቲቱን ነጥቃ አፏ ውስጥ ከትታት ስለነበር ነው። በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል እጁን ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ብዙ ሰዓት ጨፍኖት የቆየውን ዓይኑን ድንገት ገለጠና የኦክስጅን ጭምብሉን ገፋ አደረገው።

«ንግሥት አይሆንም» አላት።

«ምን አልከኝ አባዬ?»

«ንግሥት አይሆንም! ፈረስ! ፈረስ ነው!»

ፈገግ አለና ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በኋላ አልነቃም።

ለአክስቷ ብቻ ነገረቻቸው። እሳቸውም ግማሹን ጥለው ግማሹን አሳመሩት፤ ነፍሱ መንገድ ስትጀምር መሳፈሪያ ጠይቃ ነው አሉ። ለጎረቤት ሲደርስ ፈረሱ ነጭ ሆነ። እሷ ግን የመሰላት ሌላ ነበር። ዕድሜ ልኩን ንግሥቴ ሲላት የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ አእምሮው ከድቶት፣ ልጁን ሳያውቃት ሄደ። ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ይኼ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ሰዉ ሳሳ ሲል ሐኪሙ ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጡ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ይኼ ጨዋታ እኩል ነው» አሉ። «እኩል እንውጣ ብዬ ብለምነው እምቢ ብሎኝ ነው ሆስፒታል የገባው።»

«ምን ብሎ?»

«‹መንገድ አለው፣ ላገኘው ነው› ብሎ። አባትሽ እልኸኛ ነበር።»

«ታዲያ የማያዳላ ዳኛ እንጠይቃ!» ስልኳ ላይ ሰው ያቃተውን ቦታ የሚመረምር የቼዝ ፕሮግራም ጫነች። የቀሩትን ጥቂት ጠጠሮች እንዳሉ ደረደረችለት፤ ነጩ የአባቷ፣ ጥቁሩ የሐኪሙ። ማሽኑ ዜሮ አለ፤ እኩል ማለት ነው።

«አላልኩሽም?» ሐኪሙ ደረታቸውን ነፉ።

ማሽኑ ግን ማሰቡን አልተወም። ዜሮው አንድ ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያም ሽቅብ ተተኮሰ። ነጭ ያሸንፋል!

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አሉ ሐኪሙ፣ ደረታቸው እየሟሸሸ።

በስልኩ ላይ ተጫወቱት። እሷ ማሽኑ ያሳያትን እየተከተለች ወታደሩን እስከ መጨረሻው መስመር ገፋችው። እዚያ የደረሰ ወታደር ይሾማል፤ ስልኩም ንግሥት አደረገው። ሐኪሙ ግንባቸውን አምጥተው ንጉሧን ቼክ አሉ፤ ንግሥቲቱ ግንቡን በላች፣ ጥቁሩ ንጉሥ ንግሥቲቱን በላ። የቀራትን አንድ ወታደርም ሮጦ ደረሰበት። እኩል። ደገሙት፤ አሁንም እኩል።

«ቁርጥ አባትሽን ነው ይኼ ማሽን» ሳቁ ሐኪሙ። «አሸንፌያለሁ ይላል፣ አሳየኝ ስትይው የለም።»

እልህ ያዛት። ማሽኑ የጻፈውን መስመር ከላይ ጀምራ በጣቷ እየነካች አነበበችው። ወታደሩ የሚሾምበት ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከጎኑ ያለው ሥዕል ዘውድ የለውም፤ ጆሮና ጋማ ነው ያለው። የደረሰ ወታደር ፈረስም ሊሾም ይችላል፤ ለካ ስልኩ ሳይጠይቃቸው፣ እንደ ልማዱ፣ የደረሰውን ወታደር ሁሉ ንግሥት እያደረገው ኖሯል!

«ንግሥት አይሆንም!» ብላ ጮኸች።

አክስቷ ከጓዳ ሮጠው መጡ።

«ፈረስ! ፈረስ ነው!»

«ወይኔ፣ እሷንም ያዛት!» አሉ አክስቷ ራሳቸውን ይዘው። «ውኃ አምጡ!»

እሷ ግን እየሳቀችም እየተንሰቀሰቀችም በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ የማሽኑን መንገድ ደረጃ በደረጃ ሄደችበት፤ ወታደሩን አንስታ በቦታው ፈረስ አቆመች። ፈረሱ ንጉሡንም ግንቡንም ባንድ ጊዜ ያዛቸው። ንጉሡ ሸሸ፣ ግንቡ ተበላ፣ አለቀ።

«አእምሮው ሙሉ ነበር» አለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። «ዓይኑን ጨፍኖ እያሰበ ነበር እንጂ አልጠፋም። ሲያገኘው ለእኔ ነገረኝ! አውቆኝ ነበር፣ አክስቴ!»

«ጠጠሩ የማን ነው?» ጠየቁ አክስቷ።

«የአባዬ ነዋ፣ ነጩ።»

«ነጭ ነው አላልኳችሁም?» አሉ ወደ ለቀስተኛው ዞረው፣ እንደ ንግግር አዋቂ ቀና ብለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሐኪሙ ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ብድግ አሉና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። የተሸነፈ ሰው ያሸነፈውን መጨበጥ አለበት። በሰሌዳው ላይ አሻግረው እጃቸውን ዘረጉ።

ማዶ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሐኪሙ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ እጃቸውን ሳይመልሱ ቆሙ። ሳቁ ከቤቱ ጥግ ጥግ ቀስ እያለ ጠፋ። ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችውና ቶሎ አልለቀቀችውም።