የጉርሙ አያት ስም

ባዮሎጂ ተምሬ የሕፃናት ክሊኒክ ረዳት ሆንኩ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አምቦ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሥራው ልጅ መመዘን፣ ሙቀት መለካት፣ መርፌ ሲወጋ እግር መያዝና ካርድ ማውጣት ነው። ከሁሉም የሚቀለው ካርድ ማውጣት መስሎኝ ነበር።

ሥራውን የምታሳየኝ ሲስተር ናኦሚ በቀረችበት ቀን አንዲት ወጣት እናት ልጅ አዝላ ገባች። ከሰንቀሌ በኩል ነው የመጣችው፤ የፕላስቲክ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሙቀቱን ስለካው ሠላሳ ዘጠኝን አልፏል።

«ካርድ አለው?» አልኳት።

«አለው፣ ዶክተር። ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ግን እቤት ቀረ።»

ዶክተር አለመሆኔን አልነገርኳትም፤ ነግሬ ነግሬ ሰልችቶኛል። ባለፈው ለምን እንደመጣ ጠየቅኳት።

«ያኔም ሳል ነው። መርፌ ወጉት፣ ሽሮፕ ሰጡት። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፈነ። ስንመለስ ዶክተሩ አንዱን ሁለተኛ እንዳይነካ አለና ካርዱ ላይ ጻፈው።»

«የትኛውን?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ለእናንተ ነው የጻፈው።»

ያ ሐኪም ከክሊኒኩ ከለቀቀ ቆይቷል። አዲሱ ሐኪም ዶክተር ተሻለ ከባሕር ዳር ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ገብቼ ስነግረው ቀና ሳይል «ካርዱን አምጪ። ሳላይ መድኃኒት አልጀምርለትም። ቶሎ ግን» አለኝ።

ወጣሁ። «የልጁ ስም?»

«ጉርሙ።»

«የአባት?»

የልጁን ልብስ አስተካከለች። ቀጥላ «የመቲ አባት» አለች።

መቲ የአባቱ ስም መስሎኝ ጉርሙ መቲ ብዬ ፈለግኩ። የለም። የካርዱን ሳጥን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። የለም።

«የአያት ስምስ?»

«ሽማግሌው ናቸው።»

«ስማቸውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ወለሉን አየች። ልጁ አሳለው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። ባልሽ ጋ ደውዪ አልኳት፤ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እኔ ደግሞ ነገር ሲጓተት የማልወደው ሰው ነኝ። የገዛ ልጇን አባት ስም የማትናገር እናት አይቼ አላውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ተናገርኩት።

«ልጁ ያንቺ ነው?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። እሷ ግን አልጮኸችም።

«ጡቴን ላሳይሽ?» አለችኝ።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ልጇን ለክትባት ይዛ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። ባየሽ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ስመዘግባት ነው ያወቅኳት። በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩና ወደ እኔ ዞረች።

«ለሊሴ ትባላለች። አማቷን በስም አትጠራም፤ ባሏንም እንደዚያው። መቲ ትልቋ ልጇ ናት።»

«ለምን አትጠራም?»

«ነውር ነዋ። አግብታ ከገባች ጀምሮ። ከተማ ላይ ቀርቷል፤ እነሱ ቤት አልቀረም።»

«ልጁ ታሞም?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት» አለች ባየሽ፤ «እኔ የባሌን ስም በቀን መቶ ጊዜ ነው የምጠራው። እሱ ነው የማይሰማኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አራት ዓመት አምቦ ስማር አንድም ሰው ይህን አልነገረኝም። ለሊሴን አየኋት፤ ግትር አትመስልም። ላብ አጥምቋታል። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። የፈለገች ግን ያቃታት ትመስላለች። ስሙ አፏ ውስጥ እያለ እንዴት አይወጣም? ልቆጣት ይሁን ልለምናት ግራ ገባኝ።

«መጻፍ ትችያለሽ?» አልኳት።

«ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።»

እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ሰጠኋት። ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«መጻፍስ መጥራት አይደለም?» ብላ ባየሽን ጠየቀቻት።

ባየሽ አሰበች። «እኔ እንጃ። ድሮ የሚጽፍ ስላልነበረ ማንም አልከለከለም ይሆናል።»

«ካልከለከሉማ ጻፊው» አልኩ።

«ካልፈቀዱስ?» አለችኝ ለሊሴ።

 ዶክተር ተሻለ ከውስጥ «ካርዱስ?» አለ። የልጁ አፍንጫ ከትንፋሹ ጋር ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሳጥኑን አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉርሙ የሚሉትን ሁሉ ለይቼ አወጣሁ፤ ሦስት ናቸው።

«እኔ አነባለሁ። አንቺ ምንም አትበዪ። ካልሆነ ብቻ ራስሽን ነቅንቂ። ጉርሙ ቀነዓ ጀቤሳ።»

ነቀነቀች።

«ጉርሙ ተሬፋ ዱጋሳ።»

አልነቀነቀችም። የልጁን ኮፍያ ወደ ጆሮው ሳብ አደረገች።

«ይሄ ነው?»

ዝም።

«ጉርሙ ተሬፋ ሮባ።»

በፍጥነት ነቀነቀች።

«አየሽ፣ መሀል ላይ ዝም አለች» አለች ባየሽ።

«ዝም ማለት መልስ ነው እንዴ? ለመድኃኒት ነው እኮ!»

«መሀለኛው ነው» አለች ለሊሴ። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማኝ።

ካርዱን ይዤ ልጁንም እናቱንም አስገባኋቸው። ዶክተር ተሻለ ካርዱን ተቀበለኝና ወደ ለሊሴ ዞረ።

«የልጁ ሙሉ ስም ማን ነው?»

እንደዚያ መጠየቅ ደንቡ ነው፤ ካርድ እንዳይቀያየር። ለሊሴ እኔን አየችኝ።

«ጉርሙ ተሬፋ ዱጋሳ» አልኩ።

«የጠየቅኩት እናቱን ነው።»

«እሷ አትጠራውም።»

«ለምን?»

«አማቷ ናቸው» አልኩ። ነገሩ የገባኝ ሰው እመስል ነበር። «ሦስቱንም ካርድ አንብቤላት ይሄን ለይታለች። ዕድሜውና ቀበሌውም ይገጥማል።»

እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ካርዱን ገለጠ። ውስጡ በቀይ የተጻፈ መስመር አለ። ሁለቴ አነበበው፤ ማዘዣው ላይ የጀመረውንም ሰረዘ።

«መርፌው ነው» አለ። «ልጀምርለት ያሰብኩትም እሱኑ ነበር። በሌላ እንሄዳለን።»

ልጁን መዝነን ኦክስጅኑን ለክተን የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጠነው። ዶክተሩ እስከ ከሰዓት እዚሁ ይቆይ አለ። ለሊሴ አግዳሚው ላይ ልጁን ታቅፋ ተቀመጠች። ሳልፍ ቀሚሴን ያዘችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ቆምኩ።

«ሌላ ጊዜ ሽማግሌውን ስትጠሪያቸው ቀስ ብለሽ» አለችኝ። «ውጭ ድረስ ነው የተሰማው።»

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ ግን አላወቅኩም።