ገመና ለመዋጮ

ለአጭር ፊልማችን በኢንተርኔት ያዘጋጀነው የመዋጮ ገጽ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የተሰበሰበው ግን ከምንፈልገው ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው፦ በተባለው ቀን የተባለው ገንዘብ ካልሞላ አንዲት ዶላር እጅህ አትገባም፤ ሁሉም ወደየሰጪው ይመለሳል። ከሌሎቹ ገጾች ይህን የመረጠችው ራሷ የፊልሙ አዘጋጅ፣ ጓደኛዬ ማርቬት ናት። "ግማሽ ገንዘብ ይዤ ግማሽ ፊልም አልሠራም" ብላ።

የገጹን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። "በጥቁር ሴቶች ላይ የሚያተኩር ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ አጭር ፊልም" ብዬ ጀምሬ የካሜራውን ኪራይ፣ መብራቱን፣ የተዋንያኑን ምሳ በየተራ አስቀመጥኩ። ማርቬት አነበበችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

"ሼሪካ፣ እህቴ፣ ይሄ የመብራት ሂሳብ ይመስላል።"

"ትክክል ነው ግን።"

"ትክክል መሆኑ ነው ችግሩ። ሰው ለካሜራ ኪራይ አልቅሶ ያውቃል?"

የፊልሙ ሐሳብ የሚያስለቅስ ሳይሆን የሚያስፈራ ነው። አንዲት ሴት ፀጉር ቤት ውስጥ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣለች። ካስኩ ስለሚጮህ ምንም አትሰማም፤ በመስታወቱ የሌሎቹን ሴቶች ከንፈር ብቻ ታያለች። ቀስ በቀስ የሚያወሩት ስለ እሷ እንደሆነ፣ የደበቀችውን እንደሚያውቁ ታምናለች። ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚያ ክፍል አንወጣም። ክፍሉም ተገኝቷል፤ ኦሬንጅ ማውንድ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ያለው የእትዬ ቨርኒታ ፀጉር ቤት። እትዬ ቨርኒታ የማርቬት አክስት ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። "ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፤ ውሰጂው፤ ወለሉን ግን ጠርገሽ" ብለዋት ነበር።

እንግዲህ አንድ እሑድ ቁልፉን ተቀብለን ገባንና አዲስ ቪዲዮ በእኔ ስልክ ቀረጽን። ማርቬት ከካስኩ ስር ተቀመጠች። ከዚያ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረች።

"አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች። ፀጉር ሠሪ ናት። ልጇን በቀበረችበት ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቤቱ በደንበኛ ጢም ብሎ ሳለ ሥራዋን አቆመች። ደረቅ ፀጉሯን ካስክ ውስጥ አስገብታ ተቀመጠች። ቤቱ እስኪዘጋ አልወጣችም። የሴቶቹን ከንፈር ነበር የምታየው። ሁሉም ስለ እሷ የሚያወሩ መስሏት ነበር። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ እግሯ ስር ተቀምጬ ነበር። ይህ ፊልም የተወለደው እዚያ ወለል ላይ ነው።"

ስንጨርስ፣ "ስም አልጠራሁም አይደል?" አለችኝ።

"አልጠራሽም" አልኳት። ሁለታችንም እዚያው ሰፈር ተወልደን ያደግን ነን። እዚያ ሰፈር ሰው ስሙ ሳይጠራ እንደሚታወቅ ግን በዚያች ሰዓት ለሁለታችንም አልታየንም።

ቪዲዮው ገጹ ላይ በወጣ በማግስቱ ገንዘቡ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከቺካጎ፣ ከኦክላንድ፣ ስማቸውን ሰምተን ከማናውቃቸው ከተሞች ሰዎች ይሰጡ ነበር። "እናቴም እንዲህ ነበረች" ብላ የጻፈች ነበረች። ሳምንቱ ሳይጋመስ ከሁለት ሦስተኛው አለፍን። ማርቬት ሆስፒታል እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምትሠራው፤ ከጠረጴዛው ስር ስልኳን እያየች ለታካሚው ሁሉ ፈገግ ስትል ዋለች።

ሐሙስ ዕለት ፀጉሬን ልተኮስ እትዬ ቨርኒታ ዘንድ ሄድኩ። መተኮሻው የብረት ማበጠሪያ እሳቱ ላይ ግሏል፣ ጆሮዬን በእጄ አጥፌ ይዣለሁ፤ በዚህ መሐል እማማ ኦዜላ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ገቡ። እማማ ኦዜላ የእትዬ ቨርኒታ የቆዩ ደንበኛ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

እትዬ ቨርኒታ ጥቅሉን አዩና ማበጠሪያውን አስቀመጡ።

"ኦዜላ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"የቅቤ ኬክ።"

"ለምን?"

"ለምን ይባላል ደግሞ? ኬክ ነዋ!"

"እኔ የምልሽ፣ ማክሰኞ አንዷ የሎሚ ኬክ አመጣች። ትናንት አንዷ አንድ ትሪ ማካሮኒ በአይብ። ሌላዋ አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች፤ ሥራ ፈታሁ። እዚህ ሰፈር ማካሮኒ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ማን ሞቶብኝ ነው? ተነጋግራችሁ ደበቃችሁኝ?"

"ማንም አልሞተብሽም፣ ቨርኒታ።"

"ታዲያ ሟቿ እኔ ነኝ? ሐኪሙ ለእኔ ሳይሆን ለአንቺ ነገረሽ?"

ቤቱ ሳቀ። እማማ ኦዜላ አልሳቁም። ኬኩን መስኮቱ ስር አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስለ ኬያና ነው" አሉ።

ሳቁ ቆመ። ኬያና የእትዬ ቨርኒታ ልጅ ነበረች። አስም ነው የወሰዳት፣ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ። ስሟ በዚያ ቤት ሲጠራ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

"ምን ስለ ኬያና?"

እማማ ኦዜላ ስልካቸውን አውጥተው ሰጧቸው። እትዬ ቨርኒታ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አዩ። የማርቬት ድምፅ በቤቱ ውስጥ ይሰማል፤ ሴቶቹ ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ። ስልኩን መለሱና በመስታወቱ ውስጥ እኔን አዩኝ።

"አንቺ ነሽ የቀረጽሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ምስሉ ይንቀጠቀጣል" አሉ። "ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ።"

ቀሪውን ፀጉሬን ተኩሰው ጨረሱ። አንድም ቦታ አላቃጠሉኝም።

ማታውኑ የሆነውን ለማርቬት ነገርኳት፤ በማግስቱ ደንበኛ ሳይመጣ ማልዳ ሄደች፤ እኔም ብቻዋን አልለቃት ብዬ ተከተልኳት። እትዬ ቨርኒታ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በየመጠናቸው ሳጥን ውስጥ ይለያሉ። ቀና አላሉም።

"ስምዎን አልጠራሁም፣ አክስቴ" አለች ማርቬት።

"የፋሲካ ዋዜማ አልሽ እንጂ። እዚህ ከተማ በፋሲካ ዋዜማ ሥራ አቁሞ የተቀመጠ ፀጉር ሠሪ ማን አለ? በዚያ ቀን ፀጉር ሠሪ ከምትቀር ቄሱ በፋሲካ ጠዋት ቢቀር ይሻላል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰልፎ እናቶቹ ይጮሃሉ፣ እኔ ካስክ ውስጥ ነኝ። በዚያ ዘመን እናት የነበረች ሁሉ ያንን ቀን ታውቀዋለች።"

"ሰው እንዲረዳዎት እንጂ እንዲስቅብዎት አይደለም የተናገርኩት።"

"ማንም አልሳቀብኝም። ኬክ ነው ያመጡልኝ።" ቢጎዲን ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። "እኔ ደብቄሽ አላሳደግኩሽም፣ ማርቬት። እግሬ ስር አስቀምጬ ነው ያሳደግኩሽ። ያየሽውን አይተሻል። ገመናዬን ግን አደባባይ ላይ አሰጣሽው፤ እኔ ሳልጠየቅ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላውርደው?"

"አውርጂው አልልሽም፤ ትልቅ ሰው ነሽ።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ደግሞም ተሳስተሻል" አሉ።

"ምኑን?"

"ምን መስሎኝ እንደተቀመጥኩ። አልነግርሽም። እሱንም ትቀርጪዋለሽ።"

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳናስነሳ ተቀመጥን። የቀረን እስከ እሑድ ነበር። እኔ ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ ቪዲዮው እንዳለ ከቆየ ይሞላል።

"እስከ እሑድ ተዪው" አልኳት። "እሑድ ሲያልፍ ታወርጂዋለሽ። እሳቸውም አውርጂው አላሉም።"

"አላሉም አይደል?"

"በጆሮዬ ሰማሁ።"

"እኔን ባያሳድጉኝ ኖሮ እኔም እንደዚያ እሰማው ነበር" አለችና ስልኳን አወጣች።

ቪዲዮውን አወረደች። በቦታው የጻፈችው አጭር ነበር፤ እኔን አላማከረችም። "የተረኩላችሁ ታሪክ የእኔ አልነበረም፤ ባለቤቷንም አላስፈቀድኩም። ለዚያ ታሪክ ብላችሁ የሰጣችሁ መልሳችሁ ብትወስዱት አልቀየምም።" አንዳንዶቹ በእውነት ወሰዱት። ቅዳሜ ሙሉ ቁጥሩ ወደ ታች ሲሄድ ዋለ። አንዲት ሴት፣ "እኔም እንዲህ ያለች ሴት አለችኝ፤ እጥፍ አድርጌልሻለሁ" ብላ ጻፈች፤ ለጥቂት ጊዜ ተስፋ አደረግን። እሑድ ማለዳ ገጹ ተዘጋ። አልሞላም። የተሰጠው ሁሉ ወደየመጣበት ተመለሰ።

ማርቬት አላለቀሰችም። ለተዋንያኑ አንድ በአንድ እየደወለች፣ "ለጊዜው ቀርቷል" አለቻቸው። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል በደወለች ቁጥር ቀስ ብላ ትናገራት ነበር።

በዚያው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ ቨርኒታ ደጃፉ ላይ አገኙን።

"እንዴት ሆነ የፊልሙ ነገር?"

"አልሞላም፣ አክስቴ።"

ስንት ቀረው አላሉም። ማርቬትን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ፀጉርሽ ምነው እንዲህ ሆነ? በዚህ ጭንቅላት ነው ጌታ ፊት የቆምሽው? ነገ ነይ።"

"ነገ ሰኞ ነው እኮ፤ ዝግ ነው።"

"ቁልፉ የማን ነው? ሼሪካም ትምጣ። ስልካችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ግቡ።"

ሰኞ ዕለት ማርቬትን አንገቷን ወደ ኋላ ጥለው መታጠቢያው ላይ አስተኟት። እኔ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሻምፖውን ሁለተኛ ጊዜ ሲያደርጉላት መናገር ጀመሩ፤ ጣታቸው ሥራውን ሳያቋርጥ።

"ሰው ስለ እኔ ያወራል ብዬ አይደለም የተቀመጥኩት። ቢያወሩማ በወደድኩ። ኬያና ከሞተች ጀምሮ እኔ ባለሁበት ስሟን የሚጠራ ጠፋ። አዝነውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ስገባ ወሬው ይቀየራል። እና ያን ቀን፣ ካስክ ውስጥ ብገባ አትሰማንም ብለው ይጠሯታል አልኩ። የዚያችን ልጅ ስም የሚጠራ ከንፈር ምን እንደሚመስል እኔ አጣዋለሁ? ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስለ ጫማ አወሩ። ስለ ድንች ሰላጣ አወሩ። ስለ አንድ ሰውዬ ሚስት አወሩ። ሁሉም አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ።"

ማርቬት ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከጥጉ የሚወርደው ወደ ጆሮዋ ይሄዳል።

"አልቅሺ" አሏት። "ሻምፖ ነው እላለሁ።"

"አክስቴ፣ እኔስ? እግርዎ ስር ነበርኩ። እኔም አልጠራኋትም።"

"አንቺ ልጅ ነበርሽ። ኦዜላ ግን ልጅ አልነበረችም። ያንቺን ጉድ ባታይ ኦዜላም እስክትሞት አትጠራትም ነበር። ልምታሽ ወይስ ልሳምሽ አላውቅም፤ ከሐሙስ ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።" ውሃውን ዘጉ፤ ጭንቅላቷን በፎጣ ጠቀለሉ። "ተነሽ።"

ማርቬት ተነሥታ ተቀመጠች። "ይሄማ እኔ ከጻፍኩት ይበልጥ ያስፈራል" አለች።

"አውቃለሁ። እኔ ነበርኩበት።"

"ልጻፈው?"

እትዬ ቨርኒታ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሹት። "ጻፊው። ለሌላ ሰው ከመሄዱ በፊት ለእኔ ይነበብ።"

ማርቬት ክረምቱን ሙሉ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ከማንም በፊት ለእትዬ ቨርኒታ አነበበችላቸው። ክፍሉ አንድ፣ ካስኩ አንድ ሆኖ ሴትየዋ ግን ሌላ ሆነች፤ አሁን የምትሸሽ ሳትሆን የምትጠብቅ ናት። በመስከረም ሁለተኛውን ገጽ ለመክፈት ተዘጋጀን። የምንጠይቀውን ቀንሰን፣ ካሜራውን ከሰው ተውሰን። የገጹን ጽሑፍ አሁንም እኔ ነበርኩ የጻፍኩት፤ ሐሙስ ከሰዓት ከማርቬት ጋር ሄጄ ለእትዬ ቨርኒታ አነበብኩላቸው። እማማ ኦዜላ ፀጉራቸው ግማሹ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ነበሩ።

"ቆይ" አሉ እትዬ ቨርኒታ። "'ጥቁር ሴቶች፣ ጥቁር ሴቶች' ስንት ጊዜ አልሽ?"

"ፊልሙ ስለ ጥቁር ሴቶች ስለሆነ ነው፣ እትዬ።"

"አንዴ በይው፤ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የምትፈራውን ንገሪያቸው።"

እንዳሉት አደረግኩ። ማርቬት አነበበችውና ገጹን ከፈተችው። እትዬ ቨርኒታ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዬ ላይ አጎነበሱ።

"የሚሰጠው በየት በኩል ነው?"

"እርስዎ አይጠበቅብዎትም፣ አክስቴ" አለች ማርቬት።

"የሚጠበቅብኝን ጠየቅኩሽ? የሰጠ ሰው ስሙ ይወጣል?"

"ፊልሙ ሲያልቅም ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ፣ ከሰጪዎቹ ጋር። ካልፈለጉ ግን መደበቅ ይቻላል።"

"ምን ያስደብቀኛል? ቨርኒታ ብለሽ ጻፊ።" ጻፍኩ። ጣታቸው ስክሪኑ አጠገብ ቆመ። "እና ኬያና በይ። 'ቨርኒታ እና ኬያና።' እንደዚያ ይወጣል?"

"እንደጻፉት ነው የሚወጣው።"

እማማ ኦዜላ ከወንበሩ ሆነው አንገታቸውን አስረዘሙ። "ለእኔም ክፈቺልኝ፣ ሼሪካ። እኔም ኬያናን ከስሜ ጋር ላስገባት።"

"ኦዜላ፣ አንቺ የራስሽን ሟች አስገቢ!"

"የእኔን? ባሌን እንዲህ ያለ ቦታ ብጽፈው ተነሥቶ፣ 'ገንዘቡን ከየት አመጣሽው?' ይለኛል።"

እትዬ ቨርኒታ ሳቁ፤ ማበጠሪያው በእጃቸው እንዳለ ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ "እሺ፣ አስገቢያት" አሏቸው። "ከእኔ ዝቅ ብሎ ግን።"