የከበደው ወላጅ እጁን ያውጣ

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኘው በካውያ ነበር የምጠብሰው። ካውያ ደግሞ አይቸግረኝም፤ ላውንደሪ ቤት ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሐይቅ ዳር ወዳለ ካምፕ ሄደው ሦስት ሌሊት እንዲያድሩ ታስቧል አሉን። ዳይሬክተሯ መጋረጃ በሌለው አዳራሽ በፕሮጀክተር ፎቶ አሳየችን፤ ፀሐዩ ስለገባበት የታየን የጀልባ አፍንጫና የአንድ ልጅ ጥርስ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ጥርት ብሎ ታየን፣ እሱን በወረቀት ነው ያደሉን። የሁለት ወር የቤት ኪራያችን ነው። ለሦስት ሌሊት! በዚህ ዋጋማ ልጄ ስትመለስ አልጋውን ተሸክማው ትምጣ እንጂ።

ዳይሬክተሯ አትጮህም፣ አትቆጣም፤ ፈገግ ብላ ነው የምትጨርስህ።

«ሌላ አማራጭም አለን፤ እዚሁ ቅርብ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ» አለች። «ስለዚህ ዋጋው የከበደው ወላጅ ካለ ምንም ችግር የለውም፣ እጁን ያውጣ።»

ገሚሱ ጣሪያ ያያል፣ ገሚሱ ስልኩን ይነካካል። የኔ እጅ ጭኔ ላይ ነው። ውጣ እለዋለሁ፣ እሱ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቁጭ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጠው የልጄ ጓደኛ የቀጮ አባት ነው። የመንደራችን ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ገቢውን አውቀዋለሁ፤ ሱቁ ሁለት ወንበር አላት፣ አንዷ ከተሰበረች ቆይታለች። እሱ ካወጣ አወጣለሁ ብዬ በዓይኔ ጥግ እጠብቀዋለሁ። እሱም በዓይኑ ጥግ ያየኛል። አንተ ቅደም አንቺ ቅደም እንደተባባልን ጊዜው አለፈ።

«በጣም ደስ ይላል! ሁላችንም ተስማምተናል ማለት ነው» አለች ዳይሬክተሯ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለማጨብጨብ ሲሆን እጄ ከየት መጣ?

ባለቤቴ የሌሊት ዘበኛ ነው። ማታ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ነገርኩት። ወረቀቱን አየና ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ።

«አንቺስ ለምን እጅሽን አላወጣሽም?»

«የቀጮ አባት አላወጣማ!»

«የሚያኖርሽ የቀጮ አባት ነው?»

ኩራት ራት ነው ይላሉ፤ እኛ ቤት ቁርስም ምሳም ሊሆን ነው።

የባሰው ደግሞ ልጄ ናት። ድንቡሼ ነው የምንላት፣ ጉንጯን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከቀጮ ጋር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አይለያዩም። አንዷ ክብ፣ አንዷ ቀጭን፤ ሲሄዱ ዜሮና አንድ ይመስላሉ። ካምፑ ውስጥ አልጋው ተደራራቢ ነው የሚለውን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ቀጮ ላይ ትተኛለች፣ ድንቡሼ ታች። «እኔ ላይ ከሆንኩማ ቀጮን ነው የምጨፈልቃት» ትለኛለች እየሳቀች። በሕይወቷ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ቦርሳዋን ታዘጋጃለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ታዘጋጃለች። እንዴት ብዬ ነው አትሄጂም የምላት?

አለቃዬን ብድር ጠየቅኩት፤ ያለፈውን ሳትጨርሺ አለኝ። እህቴን ጠየቅኳት፤ እሷ ጭራሽ ከኔ ልትበደር አስባ ኖሮ «በይ ደህና ዋይ» ተባብለን ዘጋን። በመጨረሻ ሥራ አስፈቅጄ ዳይሬክተሯ ጋ ሄድኩ። ለብቻዋ አግኝቼ ቀስ ብዬ ልነግራት ነው።

ለብቻዋ! ቢሮው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። የቀጮ አባት አለ። ጎሚስታው አለ፣ እጁ የጎማ ጥቁሩን እንደለበሰ። ፋርማሲ የምትሠራው ሴትዮም ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጥታለች። ሦስቱም ስብሰባው ላይ ነበሩ። ሦስቱም ሲያዩኝ እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ።

«ሰላም ነው? ምነው መጣሽ?» አለኝ የቀጮ አባት።

«እ... ስለ ዩኒፎርም ልጠይቅ ነው። አንተስ?»

«እኔማ ባለፈው ሳልሰናበታት ሄጄ... ላመሰግናት።»

ጎሚስታው የትምህርት ቤቱ መኪና ጎማው ሳስቷል ብሎ ሊነግራት መምጣቱን አስረዳን። ፋርማሲስቷ ስለ ልጆች ጤና ልታማክራት ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሥራ ሰዓት ጋዋን ለብሳ! ሁላችንም ለምን እንደመጣን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት አራት እንሆናለን፣ አራት ከሆንን ደግሞ ሌላው ይከተለናል። ግን ዝም አይነቅዝም ብለን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰውነት ክፍሎች ስዕል ስናነብ ቆየን። ጉበትን እዚያ ነው በደንብ ያወቅኩት።

ዳይሬክተሯ በሩን ከፈተችና፣ ስብሰባ አለብኝ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ግቡ አለች። ገባን። የቀጮ አባት አመሰገነ። ጎሚስታው ስለ ጎማው ተናገረ። ፋርማሲስቷ ልጆቹ ቪታሚን ቢወስዱ ምን እንደሚመስላት ጠየቀቻት። እኔ ጋ ሲደርስ ደሜ ፈላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና፦

«እኔ አልቻልኩም» አልኳት። «ከብዶኛል። ያን ቀን እጄን ማውጣት ነበረብኝ፤ አላወጣሁም። ልጄን መላክ አልችልም።»

ስናገር ሦስቱን እያየሁ ነው። በሩን ከፈትኩላችሁ፣ ግቡ እንጂ! አንድ «እኔም» ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ዳይሬክተሯ አልተቆጣችም። «ምነው ያን ጊዜ ቢነግሩኝ? አንድም እጅ ስላላየሁ ለካምፑ ቀብድ ከፈልን፤ አይመለስም። ግን አይጨነቁ፣ ልጅቷ እነዚያን ቀናት ከሦስተኛ ክፍሎች ጋር ትቀመጣለች» አለችኝ።

አምስተኛ ክፍል ያለች ልጅ፣ ከሦስተኛ ክፍሎች ጋር፣ በዚያች ትንሽ ወንበር! ድንቡሼ በዚያች ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ደርሶ ታየችኝ።

ያኔ የቀጮ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። ተመስገን፣ ተናገረልኝ ብዬ ዞርኩ።

«እኛ ወላጆች እያለንማ» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «አንዲት ልጅ ተለይታ አትቀርም!»

ከሸሚዙ ኪስ የታጠፈ ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳይቆጥር! ጎሚስታው ደነገጠ፤ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ገንዘቡ አየ፣ ከዚያ በዚያ ጥቁር እጁ ኪሱን መበርበር ጀመረ። ፋርማሲስቷ «ታዲያስ፣ ሰው ለመቼ ነው?» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር። ዳይሬክተሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ዓይነት ወላጆች ስላሉን እንኮራለን» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! አልፈልግም ብል ስድብ ነው። ብቀበል ለማኝ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ የድንቡሼ አልጋ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ቁጣዬን የማራግፍበት እንኳ አጣሁ፣ ደግ የሠራን ሰው እንዴት ትሰድበዋለህ?

ወደ ቤት ስንመለስ የቀጮ አባትን «ምን ነካህ? አንተ ራስህ ለምን ነበር የመጣኸው?» አልኩት።

«ላመሰግን ነው ያልኩሽ» አለኝና እርምጃውን አፈጠነ።

ባለቤቴ ሲሰማ አልጮኸም፤ ቢጮህ በስንት ጣዕሙ። «መንደር ለመንደር አስለመንሽኝ» አለና እስከ ጉዞው ቀን ድረስ ከ«አዎ»ና ከ«አይ» ያለፈ ቃል አልሰማሁም። ለድንቡሼ አልነገርናትም።

የጉዞው ዕለት አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆሟል፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ይተረማመሳሉ። የጎሚስታው ልጅ በመጨረሻ ሰዓት እያለከለከ መጣ። የፋርማሲስቷም ወንድ ልጅ ገብቷል፤ እናቱን አላየኋትም። ድንቡሼ መስኮት ያዘች፣ አጠገቧ ያለውን መቀመጫ በቦርሳዋ ይዛ አንገቷን አውጥታ መንገዱን ታያለች።

«እማዬ፣ ቀጮስ?»

«ትመጣለች።»

ሞተሩ ተነሳ። አስተማሪዋ ቆጥራ በሩን ዘጋች። ድንቡሼ እጇን አላውለበለበችልኝም፤ ቦርሳዋን ከመቀመጫው ላይ ስታነሳና ጭኗ ላይ ስታቅፈው አየሁ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሜ ነበር። ለካ ያ የታጠፈው ገንዘብ! ያ ሰውዬ ሊያመሰግን አልነበረም የመጣው፤ ያለውን ይዞ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ ልክፈል ብሎ ሊለምን ነበር የመጣው። የልጁን አልጋ ለልጄ ሰጥቷታል።

ወደ ፀጉር ቤቱ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጀሁ። አንተ ደረቅ፣ እኔ አፌን ስከፍት ምናለ አንድ ቃል ብትል፣ ማን ስጠኝ አለህ፣ የልጅህ ዓይን አያሳዝንህም? በሰው ፊት ነው የምነግረው፤ በሰው ፊት ነው ያዋረደኝ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። ደህናዋ ወንበር ላይ ፊቱ አረፋ የተቀባ ሰውዬ ተጋድሟል፣ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። የቀጮ አባት ምላጭ እንደያዘ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። በተሰበረችው ወንበር ላይ ደግሞ ቀጮ ተቀምጣለች፣ የእግሯ ጫፍ መሬት አይነካም። ለጉዞው የተገዛላትን አዲስ ሸራ ጫማ አድርጋለች።

አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ቀጮን ጉንፋን ይዟት እኮ ነው!» አለ ጮክ ብሎ፣ ለኔ ሳይሆን ለሚጠብቁት ሰዎች። «ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አደረች። በዚህ ሁኔታዋ ሐይቅ ዳር እንዴት እልካታለሁ?»

«እውነትህን ነው፣ ጤና ይበልጣል» አለ አንደኛው ሰውዬ።

ውሸታም ልለው ነው። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ቀጮ መጀመሪያ የአባቷን ፊት አየች፣ ቀጥላ የኔን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች። የመጀመሪያው አላማረላትም። ጠበቅ አድርጋ ደገመችው፣ ትከሻዋ እስኪነቀነቅ፣ ዓይኖቿን ከኔ ሳትነቅል።

«ይማርሽ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።