ጭራዋ ያልተሰበረች ኤፍ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ ምላሴ እንደ ማተሚያ ቤት መወልወያ ጨርቅ ይጥቆር። የሚያውቁኝ ሰዎች «ደግሞ ጀመረው» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም እውነትና ውሸትን መለየት ከዚያ በፊት ነው የተማርኩት፤ ሁለቱም ያስፈልጉኛልና።

ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደል ከመሳቢያ እየለቀምኩ መስመር እደረድራለሁ። የእናቴ ወንድም በዚያው ማተሚያ ቤት የፊደል ቀራጭ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አጎንብሶ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ የላቲን ዘመም ፊደል ሲቀርጽ ኖረ፤ እርሳሱ የሚፈስበት ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀጫጭን እግር ያለው፣ ወደ ቀኝ ጋደል የሚል፣ ለሠርግ ካርድና ለመጽሐፍ ርዕስ የሚያምር ዓይነት። «ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍተህ ብታጋድለው ሰካራም ነው የሚሆነው» ይለኝ ነበር። «ይሄ ግን ከእጅ ጽሕፈት ነው የተወለደው። እየተራመደ ነው የሚያጋድለው።» ከመዝመሙ የተነሳ መሳቢያውን በአንድ ወገን በጡብ ደግፈን ነበር የምናስቀምጠው፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ጥግ ይሰበሰባል።

ትንንሾቹ ፊደላት አልቀው ትልልቆቹ ገና ሳይጀመሩ አለቃችን የናሙና ወረቀት አሳተመ። ከግርጌው የቀራጭ ስም በሚገባበት ቦታ የራሱን ስም አስገባ። አጎቴ ወረቀቱን አየ፣ መነጽሩን ወለወለ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሳምንቱ ጠዋት የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ በዚያው ዘመም ፊደል የታተመ ብጣሽ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። «ጢሙን በማተሚያ ቀለም የሚያጠቁር ሰው፣ በሰው ሥራ ላይ ስሙን ቢቀባ ምን ይገርማል» ይላል፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ።

አለቃችን ጢሙን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ መጣ።

«የዚህ ፊደል መሳቢያ ቁልፍ ማን አንገት ላይ ነው ያለው?»

«እኔ አንገት ላይ ነው፣ አለቃ።»

«ባለፈው ወር ወንበሬን ሙጫ የቀባው ማን ነበር?»

«እሱ እንኳ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«አጎትህ አፍ የለውም፤ አፉ አንተ ነህ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣህ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ውጣ።»

የሚያንገበግበው ደግሞ እኔ አለመሆኔ ነው። ስንት የሠራሁትን አልፌ ባልሠራሁት ተያዝኩ። ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። የማሽን ሠራተኛው ለምን ሳቀ? ጠራዧስ ለምን አልሳቀችም? አጎቴ፣ ጠዋት ጠዋት «የእህቴ ልጅ፣ እንዴት አደርክ» ሳይለኝ የማያልፈው ሰው፣ ዛሬ ለምን ቀና ብሎ አላየኝም?

ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር መረመርኩት። ኤፍ የምትባለው ፊደል አምስት ቦታ አለች። አምስቱም ጭራቸው ሙሉ ነው።

በዘመሙ ፊደል ኤፍ ጭራዋ ከእርሳስ አካሏ ወጥቶ ከጎረቤቷ ላይ ያርፋል፤ ቦታ ካልተውክላት ይሰበራል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያሉንን ኤፎች ሁሉ የጨረሰ ገጽ ስደረድር ይህን ዘነጋሁና፣ ገጹን በብረት ክፈፍ ሳጠብቀው ጭራዎቹ እንደ ደረቅ ብስኩት ተቀነጠሱ። ለማንም አልተናገርኩም። ደንበኛ ሲጠይቅ «አዲስ ፋሽን ነው» እያልኩ አሳለፍኩት።

እንግዲህ ወረቀቱ ከእኔ መሳቢያ አልወጣም ማለት ነው። ሙሉ ጭራ ያላቸው ኤፎች ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አጎቴ መጀመሪያ ለሙከራ አፍስሶ፣ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሳያውቅ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በሚያስቀምጣቸው ፊደላት መካከል።

በምሳ ሰዓት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። የተሰበሩትን ኤፎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ እንዴት እንደሰበርኳቸውና ወረቀቱ ላይ ያሉት ግን ሙሉ እንደሆኑ ነገርኩት።

«ስለዚህ ሰባሪ ነህ እንጂ ተሳዳቢ አይደለህም» አለ አንዷን አንስቶ እያገላበጠ።

«እንደዚያ ነው።»

«ሙሉዎቹ ታዲያ የማን ናቸው?»

ከበሩ ማዶ የአጎቴ ሞረድ ድምፅ ቆመ። ሥራዬንም እንጀራዬንም ትቼ «የጻፍኩት እኔው ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ግን ቀደመኝ። ገብቶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ፊደሉም የኔ ነው፣ ወረቀቱም የኔ ነው። ልጁን ይተዉት።»

«እርስዎ ዝምተኛ ሰው ነዎት ብዬ ነበር» አለ አለቃችን።

«ነኝ። ለዚህ ነው ያሳተምኩት። ያባርሩኝ፤ ትልልቆቹን ግን ማን እንደሚቀርጽልዎ አስቀድመው ያስቡበት።»

አለቃችን ቆርቆሮውን አየ፣ አጎቴን አየ። «ናሙናውን በስምዎ እንደገና አሳትመዋለሁ» አለ፣ ጥርሱን እንደሚያሳክም ሰው።

«ትልልቆቹ ሲያልቁ» አለ አጎቴ። «ስሜ በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው።»

እኔ ቁልፌን አልተቀማሁም፤ አንድ ወር ሙሉ ግን እርሳስ እያቀለጥኩ ኤፍ ሳፈስ ከረምኩ።

ይኸው ነው፤ ከአንዲት ነገር በቀር ሁሉም እውነት ነው። ያቺን ፈጠርኳት። አፌን የከፈትኩት «እኔው ነኝ» ልል አልነበረም። «አጎቴ ነው» ልል ነበር። ከበሩ ማዶ ሆኖ ይህን አውቆ እንደሆነ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።