የፒንኪ ልብ

ዶክተር ኒርማላ ንዴቷን መዋጥ የጀመረችው ገና የአልትራሳውንዱን ጄል የፒንኪ ደረት ላይ ስትቀባ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ ፒንኪ በግራ ጎኗ ተጋድማ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ስክሪኑ ላይ ከልቧ በሮች አንዱ ጠቦ፣ ደሙ በመከራ ሲያልፍ ይታያል። አማቷ ቻሜሊ ግን ዓይኗን ከምራቷ ሆድ ላይ አልነቀለችም።

«ዶክተርዬ፣ እግረ መንገድሽን ወደ ታች ዝቅ አድርጊው እንጂ።»

«እማማ፣ እኔ የልብ ሐኪም ነኝ።»

«ልብም አየሽ ሆድ፣ ማሽኑ ያው አይደል?»

«የፅንስ ጾታ መናገር ያሳስራል።»

«ማን ተናገሪ አለሽ? እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች በጣፋጭ ንገሪን! ወንድ ከሆነ ፔዳ ግዙ፣ ሴት ከሆነች ጀሌቢ ግዙ በይን። ጣፋጭ ግዙ ብሎ የታሰረ አለ?»

ዶክተሯ ነገሩን አስረዳች፤ የልቧ በር ዛሬውኑ በቀጭን ፊኛ ካልሰፋላት ፒንኪ ምጡን አትችለውም፤ ትሞታለች።

«ሁለት ሴት አስታቅፋናለች» አለች ቻሜሊ። «ይቺም ሴት ከሆነች ምራቴን ሳትታከም ወደ ቤት እንወስዳታለን። እግዜር ያውቃል።»

የፒንኪ ባል ሶምቢር በክፍሉ በር ሥር ቆሞ ስልኩን ይነካካል። እንዲህም ባል አለ! ዶክተሯ የፈቃዱን ቅጽ ለፒንኪ ለራሷ ሰጠቻት። ፒንኪ እስክሪብቶውን ይዛ አማቷን አየች፤ መልሳም አስቀመጠችው።

የዶክተር ኒርማላ ደም ፈላ። በጣፋጭ ስም የሴት ፅንስ የሚያስጠፉ ሐኪሞችን ስትከስስ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። አሁን ጥርሷን ነክሳ፣ «ፔዳ ግዙ» አለች።

ቻሜሊ እልልታዋን አቀለጠችው። ሶምቢር ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ። እናትና ልጅ ተሽቀዳድመው ወጡ። ትድን ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዶክተሯ ጄሉን መጥረግ ጀመረች። በእነሱም በራሷም ተናዳለች።

«ዶክተር» አለች ፒንኪ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ማሽኑን እኮ ከደረቴ አላወረዱትም።»

«አላወረድኩትም።»

«ታዲያ ሴት ብትሆንስ?»

«እናት ትኖራታለቻ!»